አውራ ጣቴ የመሰከረለት አዲሱ የመሰናክል ሞተር

ይድረስ ለክቡር የሞተር ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ግልባጭ፦ በዋናው በር ላይ ላለው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ለውድድር ኮሚቴው፣ አዲሱን ሞተር ለተረከቡት አምስት ተወዳዳሪዎች፣ እንዲሁም ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ እኔን ጨምሮ።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤንነትዎ እንደ ወንበርዎ የማይነቃነቅ፣ እንቅልፍዎ እንደ ስብሰባችን ረጅም እንዲሆን፣ ወገብዎም በሚያሠሯቸው ሞተሮች ላይ አንድ ቀን እንኳ ወጥተው ስለማያውቁ እስከ ዛሬ እንደጸና ለወደፊቱም ጸንቶ እንዲኖር ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ያልሆኑት የቀኝ ክርኔና የግራ ጉልበቴ ብቻ ሲሆኑ፣ የእነሱን አቤቱታ በተራቸው በአራተኛው ቁጥር አቀርባለሁ።

ምናልባት ከግርጌ ያለውን ፊርማ ሲያዩ የማን እንደሆነ ግራ ይገባዎት ይሆናል፤ እስከ ዛሬ የሚያውቁት አውራ ጣቴን ነውና። እኔ በግቢው ውስጥ «ሚዛኑ» እየተባልኩ የምጠራው፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ከፋብሪካው የወጣውን እያንዳንዱን አዲስ ሞተር ከማንም በፊት የነዳሁት ሞካሪዎ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ከአፌ ተቀብሎ የጻፈልኝ ሰው የለም፤ ከሰላምታው እስከ መጨረሻው አራት ነጥብ የገዛ እጄ ሥራ ነው። የማታ ትምህርት ከጀመርኩ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖኛል፤ በክፍላችን ካለነው ሠላሳ አንድ ጎልማሶች መካከል ደብዳቤ በመጻፍ የሚስተካከለኝ እንደሌለ መምህራችን ራሳቸው መስክረዋል። ሁለተኛ የወጣው ልብስ ሰፊ ይህን አይክድም፤ ቢክድም በጽሑፍ አይክደውም።

የመሰናክል ሞተር ምን እንደሆነ ለማያውቅ የሰሌዳ አንባቢ ባጭሩ ላስረዳ። ይህ ሞተር ለፍጥነት የተሠራ አይደለም። ተወዳዳሪው ቆሞ፣ ከሰው እርምጃ እምብዛም ባልበለጠ ፍጥነት፣ ቁመቱን የሚያህል ድንጋይ ይወጣል፣ ግንድ ይሻገራል፣ ጅረት ውስጥ ይዞራል። እግሩ መሬት በነካ ቁጥር ነጥብ ይቆጠርበታል፤ የሚያሸንፈውም ቀድሞ የደረሰው ሳይሆን መሬት ያልነካው ነው። በዚህ ምክንያት ሞተሩ መቀመጫ የለውም፤ ቀላል ነው፤ መሪው ወደ ግራም ወደ ቀኝም እስከ ጥግ ይዞራል፤ የፊት ፍሬኑም በአንድ ጣት ብቻ ይያዛል። ቁልቁል ሲወረድ የሰው አንገት የሚንጠለጠለው በዚያች አንድ ጣት ላይ ነው።

እንግዲህ እንደገና የተነደፈውን አዲሱን ሞተር ባለፈው ወር ሦስተኛው ማክሰኞ ጠዋት፣ ከፋብሪካው ጀርባ ካለው የድንጋይ ክምር ላይ ነዳሁት። የታየኝን በተራ ቁጥር አስቀምጣለሁ። ቁጥር የተሰጠው ቅሬታ መልስ ያገኛል ብለው ያስተማሩን መምህራችን ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እርስዎን አያውቁም።

1ኛ. ስለ ውበቱ። ሞተሩ ያምራል፤ ይህን የምለው ያለ አንዳች ተንኮል ነው። ቢጫና ሰማያዊው ቀለም፣ እንደ ጥንዚዛ ጀርባ የሚያብለጨልጨው አዲሱ የፕላስቲክ ሽፋን፣ በጎኑ ላይ የተሳለው መብረቅ ሁሉ ዓይን ይስባል። ባለቤቴ ገና እንዳየችው «ይሄማ ሳሎን ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለች፤ ከሁላችንም ቀድማ እውነቱን የተናገረች እሷ ናት።

2ኛ. ስለ መቀመጫው። ቆመው በሚነዱት ሞተር ላይ መቀመጫ ስላስገጠሙልን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። አዲሱ መሐንዲሳችን እንዳጫወቱኝ ከሆነ፣ መቀመጫ የሌለው ሞተር ለእርስዎ ዓይን የተሰረቀበት ይመስላል። ክቡር ሆይ፣ ድንጋይ ለመውጣት ጉልበቴን ባጠፍኩ ቁጥር ይህ መቀመጫ ከኋላ ይገፋኛል። ሁለት ጊዜ ገፋኝ፤ በሦስተኛው ዞሬ «ማነህ አንተ?» ልለው ምንም አልቀረኝም ነበር። ድንጋዩን እወጣለሁ ብዬ ተነስቼ ድንጋዩን ስሜው ተመለስኩ።

3ኛ. የማስነሻው ፔዳል ሲረገጥ የእግር መርገጫውን ይመታል። ትንሽ ነገር ስለሆነ ትንሽ ቦታ ሰጥቼዋለሁ።

4ኛ. ስለ ፊት ፍሬኑ። ከዚህ በኋላ እንድቀልድ አይጠብቁ፤ ብቀልድም ልማድ ሆኖብኝ ነውና ይቅር ይበሉኝ። ያ የሚያምረው ሽፋን ከመሪው አንገት ግራና ቀኝ ወደ ውጭ ተነፍቶ ስለተሠራ፣ መሪው ወደ ግራ እስከ ጥግ በዞረ ቁጥር የፍሬኑን ዘይት የሚያስተላልፈውን ቱቦ የፊት ጎማውን ከያዘው ብረት ጋር አጣብቆ ይነክሰዋል። የሽፋኑ ጠርዝ ደግሞ ስለት ነው። በአንድ የውድድር ቀን መሪው ስንት መቶ ጊዜ እስከ ጥግ እንደሚዞር የሚያውቅ ያውቀዋል። እኔ ከአርባ በኋላ መቁጠሬን ተውኩ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቱቦው ተልጦ ዘይቱን ማላብ ጀመረ፤ እኔ ግን አላየሁም፤ ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ነበር። ከትልቁ ድንጋይ ቁልቁል ስወርድ እንደ ወትሮዬ አንድ ጣቴን ፍሬኑ ላይ አሳረፍኩ። እጀታው ያለ አንዳች ተቃውሞ እስከ መሪው ድረስ መጣልኝ። ከእርስዎ ስብሰባ ውጭ እንዲህ ያለ እሺ ባይነት አይቼ አላውቅም። ከዚያ ሰማይ አየሁ፣ ከዚያ ድንጋይ፣ ከዚያ ለሙከራው አብሮኝ የወጣውን መካኒክ ፊት። «ኧረ ሚዛኑ፣ ተርፈሃል?» አለኝ። «ቆይ፣ ገና አልቆጠርኩም» አልኩት።

ቅሬታዎቼ እስከዚህ ድረስ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባልተጻፈ ነበር። አዲስ ሞተር ጉድለት ይኖረዋል፤ እኔንም የቀጠራችሁኝ ልወድቅለት ነው። ወድቄ፣ ተነስቼ፣ የጣለኝን ልናገር ነው። የሚቀጥለው ነገር ግን ቁጥር የሚሰጠው ዓይነት ስላልሆነ ዝም ብዬ እቀጥላለሁ።

ክርኔን በጨርቅ አስሬ እያነከስኩ ወደ መዝገብ ቤት ወጣሁ። ለአሥራ ሰባት ዓመት ያልተለወጠውን ሥርዓታችንን ያውቁታል፤ እርስዎ ያወጡት ነውና። እኔ ያየሁትን እናገራለሁ፣ ጸሐፊው ደብተሩ ላይ ጫር ጫር ያደርጋል፣ በኋላም የተተየበ ወረቀት ይዞ መጥቶ ጮክ ብሎ ያነብልኛል፣ ልክ ነው ስል አውራ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ከግርጌ አሳርፋለሁ። ያን ቀንም ስለ መቀመጫው፣ ስለ ማስነሻው፣ በተለይ ደግሞ ስለ ቱቦው ሁለት ጊዜ ደጋግሜ ተናገርኩ። ጸሐፊው መልሶ ሲያነብልኝ አንድ ቃል እንኳ አልጎደለም፤ «ቱቦው ሳይስተካከል ማንም ሰው እንዳይነዳው» ያልኩት ጭምር ነበረበት። እስክርቢቶ ስጠይቀው «ጋሼ፣ በዚህ ክርንህ ምን ትፈርማለህ፣ እንደለመድነው በጣትህ ይሁን» አለኝ፤ ለእኔ አዝኖ መስሎኝ አመሰገንኩት። ክቡር ሆይ፣ ማንበብ ያን ቀንም እችል ነበር። ያልነበረኝ ጥርጣሬ ነው።

ከዚያ ባለፈው ቅዳሜ የማታ ትምህርታችን የምረቃ በዓል ሆነ። እርስዎ የክብር እንግዳ ሆነው መጥተው፣ በቀይ ሪባን የታሰረ ወፍራም ፋይል በሁለት እጅዎ አበረከቱልኝ። በፋይሉ ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት የሙከራ ሪፖርቶቼ እንዳሉ ገልጸው «ወንድሜ፣ እስከ ዛሬ ሌላው ያነበበልህን የገዛ ቃልህን ከእንግዲህ በገዛ ዓይንህ አንብበው» ሲሉ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። እኔም አለቀስኩ። ያን እንባ ይመልሱልኝ ብዬ በዚህ ደብዳቤ አልጠይቅም።

በነጋታው ጠዋት ባለቤቴን ፊት ለፊቴ አስቀምጬ ፋይሉን ፈታሁት። እንደሚያውቁኝ የራሴን ንግግር መስማት እወዳለሁ፤ የራሴን ንግግር ማንበብ ደግሞ ምን ያህል ሊጣፍጥ እንደሚችል አስቤ ጉሮሮዬን ሁለት ጊዜ ጠረግሁ። የመጀመሪያው ገጽ ካምቢዮው ሁለተኛ ማርሽ ላይ አልይዝ ይላል ብዬ የጮኽኩበት ቀን ነበር። ወረቀቱ «ማርሹ ያለ አንዳች እንከን ይገባል» ይላል። ሳነብ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ በጣቴ እየተከተልኩ ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ገለበጥኩ። የእግር መርገጫው ይሰበራል ባልኩበት ቀን «መርገጫው ከሚጠበቀው በላይ ጠንካራ ነው» ይላል። ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ጠንካራ መሆኑ እውነት ነው፤ ያን ወር የተሰበረው ቁርጭምጭሚቴ ነበር። ገለበጥኩ፣ ገለበጥኩ። ባለቤቴ «ምነው ዝም አልክ?» አለችኝ። በትዳራችን ዘመን ይህን ጥያቄ ስትጠይቀኝ የመጀመሪያዋ ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦ «የፊት ፍሬኑ መሪው በየትኛውም አቅጣጫ ሲዞር እጅግ አስተማማኝ መሆኑን ነድቼ አረጋግጫለሁ።» ከሥሩ አውራ ጣቴ ጥርት ብሎ ተቀምጧል። ከላይ ቀን አለው። ሰኞ ይላል። ሞተሩን የነዳሁት ማክሰኞ ነው።

ሥራ እንደገባን ወደ ጸሐፊው ሄድኩ። ገጹን ሳሳየው «ጋሼ፣ ልጆች አሉኝ፤ ወረቀቱ ሁልጊዜ ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ተተይቦ ነው የሚመጣልኝ፤ እኔ አንተ ያልከውን በቃሌ ይዤ ያንኑ መልሼ እልሃለሁ እንጂ ከወረቀቱ አንብቤልህ አላውቅም» አለኝ። ስለዚህ ለአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ሰው የእኔን ንግግር በቃሉ እያጠና፣ ባዕድ ወረቀት ፊቱ ላይ ዘርግቶ ያነበበ መስሎ ሲያሰማኝ ኖሯል ማለት ነው። ይህን የመሰለ ችሎታ መዝገብ ቤት ውስጥ መቀበሩ ያሳዝናል፤ ለእድገት እንዲያስቡት አደራ እላለሁ።

እኔን የገረመኝ ግን ፋይሉን ለምን እንደሰጡኝ ነው። ውስጡ ያለውን ረስተውት ይሆን? ወይስ የእኔ ማንበብ ከሽፋኑ አያልፍም ብለው ገምተው? ሁለቱንም ሳመዛዝን ሰነበትኩ፤ የትኛው እንደሚያም ግን እስካሁን አልለየሁም። ሦስት ቀን ቢሮዎ ተመላልሼ ሦስቱንም ቀን ስብሰባ ላይ ነዎት ተባልኩ። በሩ ላይ የተለጠፈውን «ቅሬታ ያለው ያለ ቀጠሮ መግባት ይችላል» የሚለውን ማስታወቂያ ግን አነበብኩት። አጻጻፉ ቆንጆ ነው።

ከአሥራ ሰባቱ ዓመት ቀድሞ፣ ፋብሪካው አንድ የቆርቆሮ መጋዘን በነበረበት ጊዜ የመጀመሪያውን ሞተር ሁለታችን እንደሠራነው ሰሌዳውን የሚያነቡት ልጆች አያውቁም። እኔ ስነዳው እርስዎ ሸሚዝዎን ሰብስበው ከጎኔ ይሮጡ ነበር፤ «ምን ተሰማህ? ምን ተሰማህ?» እያሉ። የተሰማኝን ስነግርዎ ወዲያው መፍቻ አንስተው ይፈቱታል። ያኔ ቃሌን የሚጽፍ አልነበረንም፤ አንድም ቃል ግን አልጠፋም። ይህን የማነሳው ልወቅስዎ ብዬ ብቻ አይደለም፤ ያ ሰው እስካሁን ቢሮው ውስጥ ካለ ደብዳቤውን እሱ እንዲከፍተው ስለምፈልግ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአዲሱ ሞተር ጋር የሚሰጠው የአነዳድ መመሪያ የመጀመሪያ ገጹ ላይ የአውራ ጣቴን አሻራ እንቁላል አሳክሎ አትሞ፣ ከሥሩ «አንጋፋው ሞካሪያችን ነድቶ መስክሮለታል» ይላል። ይህን ገጽ አምነው በመጪው እሑድ ሞተሩን ይዘው ድንጋይ የሚወጡት አምስት ተወዳዳሪዎች ናቸው። ከአምስቱ አንዷ ልጄ ናት። ሰፈሩ «ፌንጣ» የሚላት፣ በሁለት እግሯ ሳትጸና በሞተር ላይ ያቆምኳት፣ ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመት የሆናት ልጄ። ቁልቁለት ላይ ፊት ፍሬንን አትፍሪው፣ አንድ ጣትሽን እመኚው ብዬ ያስተማርኳትም እኔው ነኝ።

ሞተሩን እንዳትነዳው ስነግራት ጨርቅ ይዛ እያጸዳችው ነበር። መመሪያውን አነሳችና «አባዬ፣ ይሄ ጣት የማን ነው?» አለችኝ። የኔ ነው አልኳት። «ታዲያ የዋሸኸው ያኔ ነው ወይስ አሁን?» አለችኝ። ፋይሉን ላሳያት ሳመጣ፣ ውስጡ ያለውን ገና ያልነገርኳት ባለቤቴ ከወጥ ቤት ብቅ ብላ «ተይው ልጄ፣ አባትሽ ፊደል ከቆጠረ ወዲህ ስህተት የማያገኝበት ነገር የለም፤ ትናንት የሳሙናውን ካርቶን ሲያርም ነበር» አለቻት። ይህም ውሸት አይደለም፤ የሳሙናው ካርቶን ላይ በእርግጥ ስህተት አለ። ልጄ ሳቀች፤ ቀጥላም «አባዬ፣ እኔ አዲስ ሞተር ስላገኘሁ ነው አይደል የከፋህ?» አለችና ጨርቋን አንስታ ማጽዳቷን ቀጠለች። ከድንጋይ ላይ ስወድቅ እንዲህ አላመመኝም።

ስለዚህ ከክቡርነትዎ የምለምነው ብዙ አይደለም። ለአሥራ ሰባት ዓመቱ ይቅርታ እንዲጠይቁኝ አልፈልግም፤ ተተይቦ እንዳይመጣልኝ እፈራለሁ። እስከ ቅዳሜ ቀትር ድረስ አምስቱም ሞተሮች ተሰብስበው ቱቦው ሽፋኑን በማይነካበት መንገድ እንዲዞር ይደረግ፤ ለአንድ መካኒክ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ ክርኔን ታቅፌም ቢሆን እኔው እሠራዋለሁ። ጣቴ ያለበት ገጽ ከመመሪያው ላይ ይቀደድ። ለልጄም ያን ወረቀት ያስተየቡት እርስዎ እንደሆኑ በራስዎ አንደበት ይንገሯት፤ እርስዎን ታምናለች፤ እኔንም የምታምነኝ ያኔ ነው። መቀመጫውን ከፈለጉ ይተዉት። እሑድ ለሚመጡት እንግዶች ወንበር ሊያንስ ይችላል።

ስለተሰጠኝ ፋይል፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንብቤ ስለጨረስኩት መጽሐፍ፣ እንዲሁም ማንበብ ለምን እንደሚጠቅም ከመምህሬ በተሻለ ስላስረዱኝ እጅግ አመሰግናለሁ። ወንበርዎ ይመችዎ፣ በርዎ ይጠበቅልዎ፣ ስብሰባዎ ይባረክ እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ (ጉልበቴ በፈቀደልኝ መጠን) እሰናበታለሁ።

አክባሪዎ፣ የመጀመሪያውን ሞተር አብሮዎ የሠራው፣
በገዛ እጁ የፈረመው
ሚዛኑ፣ የሞተር ሞካሪ

ተጨማሪ፦ ይህን ደብዳቤ ሰሌዳው ላይ ከመለጠፌ በፊት ልጄ እንድታነበው ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው፤ ሰኞ የሚለውን ገጽም ከፋይሉ ራሷ አውጥታ አየችው። ከዚያ ወደ ግቢ ወጥታ መሪውን ወደ ግራ እስከ ጥግ አዙራ ጣቷን በሽፋኑ ሥር አስገባች። የሁለት ቀን ልምምድ ብቻ ቱቦውን ከውስጡ እስካለው ክር ድረስ ልጦታል። «አባዬ፣ አሮጌውን ሞተር ነዳጅ ሙላልኝ» አለችኝ፤ እሑድ የምትወዳደረው በእሱ ነው። ወሬው ከእሷ ወጥቶ ሁለት ተወዳዳሪዎች ዛሬ ከሰዓት በኋላ አዲሶቹን ሞተሮቻቸውን እየገፉ መጥተው ከልጄ ሞተር ጎን አቁመው ሄደዋል። ግቢያችን ጠባብ ስለሆነ መኪና ይላኩልን፤ ለቀሩት ሁለቱ ግን እንደምንም ቦታ አናጣም።